የቀኝ የኋላ ጎማ

መጋቢት 6

አባዬ፣

መጀመሪያ ለጥያቄዎችህ መልስ ልስጥህ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ወፍራም ካልሲ አለኝ። የለም፣ ሥራ ቦታ ማንም አይጮኽብኝም፤ ቢጮኽብኝም ሞተሩ እየጮኸ አይሰማኝም። እማዬንም በዚሁ አረጋጋልኝ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ በሁለት ወረቀት እየጻፋችሁ ፖስታ ቤቱን አታድክሙት።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ቁጭ ብለሃል? ቁጭ በል። ከጎማ ማሞቂያው ክፍል ወጣሁ! ዓመቱን ሙሉ ጎማ እንደ ሕፃን ስጠቀልል የከረምኩበት ክፍል ቀረ። ከዘንድሮ ጀምሮ ፒት ውስጥ ነኝ። የውድድር መኪናችን በውድድሩ መሃል ጎማ ልትቀይር ስትገባ ዙሪያዋን ከሚወርሯት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቦታዬ ቀኝ የኋላ ጎማ ነው። ለአንድ ጎማ ሁለት ሰው ነን። ጓደኛዬ ቡሎኑን ይፈታል፣ እኔ አሮጌውን ጎማ መንጭቄ አዲሱን እሰካለሁ፣ እሱ ያጠብቃል፣ እጃችንን እናነሣለን፣ ትሄዳለች። አንድ ሰው አስነጥሶ አፍንጫውን ሳይጠርግ ያልቃል። ለዚህች ቦታ ስንት ሰው ተሰልፎ እንደነበር ብነግርህ... አልነግርህም፣ ጉረኛ ትለኛለህ።

ታዲያ አንድ ነገር ልለምንህ። እንደማትወደው አውቃለሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። እየሠራህ መደርደሪያህ ላይ የደረደርካቸው ትንንሽ መኪናዎች ሁሉ ሰማያዊ ናቸው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ሰማያዊ ናቸው። በዚህ ዓመት አንዲት ቢጫ ሥራልኝ። የእኛን መኪና። በዚያ በወረንጦህ፣ በዚያ የሰው ጥርስ በምትሞርድበት ሞረድ። እንግዳ መጥቶ "ይቺኛዋስ የማን ናት?" ሲልህ "የልጄ ናት" እንድትል እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። እሺ፣ ካልሲም ብትልኩ አልጠላም።

መልስህን በጉጉት የምትጠብቀው
ፌንጣህ


መጋቢት 29

ለፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽን እናትሽ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ቀኝ የኋላ ጎማ" የሚለው ላይ ስደርስ "ከባድ አይደለም እንዴ?" አለች። ጎማውን ነው ወይስ ኃላፊነቱን ብላት "ሁለቱንም" አለችኝ። እኔማ ምን ልበልሽ፣ ሸሚዜ ለደረቴ አልበቃ አለኝ። ወዲያው ተነሥቼ ፀጉሬ ሳያድግ ወደ ጎረቤታችን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ነገርኩት። እሱ እንደምታውቂው ከእኔ የባሰ የሰማያዊዎቹ ቡድን ደጋፊ ነው፤ ይኸው ስንት ዓመት ውድድሩን እኛ ሳሎን ሶፋ ላይ አብሮኝ ያያል። መቀሱን አየር ላይ አንጠልጥሎ "ለቢጫዎቹ? ስታሳድጋት ምን አጉድለህባት ነው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ወጣሁ፣ ግን አንገቴ ቀጥ ብሎ ነበር።

ልመናሽን በተመለከተ ግን አይሆንም። አትቀየሚኝ። ቢጫዎቹን ስለምጠላ አይደለም። እሺ፣ ስለምጠላቸውም ነው። ዋናው ነገር ግን ሕግ አለኝ። ያልጮኽኩላትን መኪና አልሠራም። መደርደሪያው ላይ ያለችው እያንዳንዷ መኪና ድምፄ እስኪዘጋ የጮኽኩላት ናት። ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ስቀርጽ ውዬ፣ ቤት ስገባ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል መስታወት ሳጣብቅ የማመሸው ጤና አጥቼ ይመስልሻል? ልቤ ስለመታላት ነው። ቢጫዋን ብጀምራት እጄ ይሠራታል፣ እኔ ግን አልኖርበትም። እንዲህ ያለ ሥራ ለአንቺ አይሰጥም።

ደግሞ የሞዴል ሠሪዎች ማኅበራችን ኤግዚቢሽን ኅዳር ላይ ነው። ሁለተኛ መውጣት ሰለቸኝ ልጄ። በፊት በፊት ሁለተኛ ስወጣ እናትሽ "ጎበዝ" ትለኝ ነበር፤ አሁን "እራት ቀርቧል" ብቻ ነው የምትለው። በዚህኛው ላይ በሰማያዊዋ ዋንጫውን ልወስድ ቆርጫለሁ። የፊት ክንፏን ጨርሻለሁ። ገላዋን እንደ ልማዴ ከሰው ሠራሽ ድድ ትርፍራፊ ነው የሠራሁት፤ ቀለም እስክትቀባ ድረስ ሮዝ ሆና ቁጭ ብላለች። እናትሽ "ጥርስ አውጥታ እንዳትነክሰን" ትላለች።

ካልሲው ተልኳል። ቀለሙን እናትሽ ናት የመረጠችው፣ እኔን እንዳትወቅሺ።

አባትሽ


ግንቦት 18

አባዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሁለተኛው ደብዳቤህም ደርሶኛል፤ ሳልመልስልህ ሦስተኛውን እንዳትጽፍ ብዬ ነው አሁን የተቀመጥኩት።

ስለ ዝናቡ ውድድር ጠይቀኸኛል። ጥሩ ነበር። ዘነበ። ሹፌራችን ደህና ነው። ሌላ ይህን ያህል የሚወራ ነገር የለውም።

ጤናዬ ደህና ነው። ካልሲው ልክ ነው፤ ቀለሙን የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ወደውታል፣ ማለትም ስቀውበታል። እማዬ በስልክ ድምፅሽ ተቀይሯል ያለችኝ ጉንፋን ስለነበረ ነው።

ስለ ቢጫዋ መኪና የለመንኩህን ተወው። ልክ ነህ። በደስታ ብዛት የጠየቅኩት ነገር ነው። በሰማያዊዋ ዋንጫህን ውሰድ፣ እኔም ያን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ፌንጣህ


ሰኔ 9

ለፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ አጠረችኝ። ገልብጬ ጀርባዋንም አየሁት፣ ምንም የለም። አንቺ ልጅ ስለ ዝናብ "ዘነበ" ብለሽ የምታቆሚው ከመቼ ወዲህ ነው? ስለ አንዲት ድመት ሁለት ገጽ የምትጽፊ ሰው!

ስሚኝ። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ትንንሽ ነገር በማየት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁላችሁም ያው ቢጫ ልብስ፣ ያው የራስ ቁር ናችሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ አንዳችሁን ከሌላችሁ አይለይም። እኔ ግን አውቅሻለሁ። ስትንበረከኪ መጀመሪያ የግራ ጉልበትሽን ነው የምታስቀድሚው፣ ልክ አልጋ ስር ያለ ነገር እንደምታወጪ። በዝናቡ ቀን ጎማው ከማን እጅ እንዳመለጠ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በነበረው ውድድር ደግሞ እዚያ ቦታ የተንበረከከው ሰው ቀኝ ጉልበቱን ነው ያስቀደመው።

አልጠይቅሽም። መንገር ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ እኔ በሕይወቴ መሬት ሳልጥል የሰካሁት ጎማ የለም። እናትሽን ጠይቂያት። ቤት ስትጠርግ አግኝታ ያላነሣችው የመኪና አካል የለም። መጥረጊያዋን ይዛ "ይኸው ዛሬ ደግሞ መሪ ወልደናል" ትለኛለች። ወድቆ የተነሣው ጎማና ያልወደቀው ጎማ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ልዩነታቸው አይታወቅም።

ብዪ፣ ተኚ፣ ጉንፋን የምትዪውንም ነገር አስታምሚ። ጉንፋን እንዳልሆነ እናትሽም ታውቃለች፣ ግን እንዳታሳፍርሽ ብላ አልጠየቀችሽም።

አባትሽ


ሐምሌ 22

አባዬ፣

ደብዳቤህን ጎማ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። አዎ፣ ተመልሼ እዚያው ነኝ። በጉልበቴ ታውቀኛለህ! እኔ እኮ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ ከዚያ "መሪ ወልደናል" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እንግዲህ ልንገርህ። እጄ ርጥብ ነበር። ጎማው አመለጠኝ። ማምለጡስ ይሁን፣ ተንከባልሎ ተንከባልሎ የት ቢቆም ጥሩ ነው? ሰማያዊዎቹ በር ላይ! ያንተዎቹ ደጃፍ! አንዱ አንሥቶ በሁለት እጁ፣ በትሕትና፣ እንደ ስጦታ አስረከበኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ውድድሩን ተሸነፍን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ እሱ ነው የባሰው። አለቃችን ጠርታ "ከቦታሽ አላባረርኩሽም፣ አሳርፌሻለሁ። የውድድር ዘመኑ መጨረሻ ላይ እናያለን" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ግቢው ውስጥ ባለው አሮጌ መኪና ላይ ጎማ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ። ትከሻዬ የእኔ አይመስለኝም። ግን ያቺን ቦታ እፈልጋታለሁ አባዬ። ከዚህ በፊት ምንም ነገር እንዲህ አልፈለግኩም።

አሁን ደግሞ ከደብዳቤው በኋላ በፖስት ካርድ ለላክህልኝ ጥያቄዎች መልስ። የክሪኩ እጀታ ቀይ ነው፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጎማ የተጠቀለለበት። መኪናዋ ስትነሣ የኋላዋ ከፊቷ ትንሽ ከፍ ይላል። ጎማው ሲወጣ ውስጡ ምን ይመስላል ላልከው፣ እንደ ሰሐን ክብ የሆነው የፍሬኑ ሸክላ ይታያል፣ ሙቀት ስለሚበላው ዳሩ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኗል። ከሸክላው መሃል ቡሎኑ የሚታሰርበት ዘንግ ብቅ ይላል። ቸርኬው ጥቁር ነው፣ ጎማው ላይ አንድ ቀጭን ቢጫ መስመር አለ። ወለሉ ላይ የተቀባውንም መስመር ሥዬ ልኬልሃለሁ።

ይህን ሁሉ ማወቅ የፈለገው ፀጉር አስተካካዩ ነው ብለሃል። አባዬ፣ ፀጉር አስተካካዩ የፍሬን ሸክላ ቀለም ምን ያደርግለታል? የሰው ፀጉር ሊቀባ ነው?

ፌንጣህ


ጥቅምት 24

ለፌንጣዬ፣

ሳትነግሪን! ለእናትሽ እንኳ ሳትነግሪ! "በመጨረሻው ውድድር ተመልሼ እገባለሁ" ማለት ምላስ ይቆርጣል? ደግሞ ለምን እንዳልነገርሽን ትጽፊ ይሆናል፣ ተይው፣ ገብቶኛል። ቢበላሽ እንዳናይብሽ ነው። እኛ ደግሞ አየን።

ቤታችን ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። እኔና ፀጉር አስተካካዩ ሶፋ ላይ ነን፣ እናትሽ ልብስ ትተኩሳለች። ሰማያዊዎቹ የዓመቱን ዋንጫ ሊበሉት አንድ ጉርሻ ነው የቀራቸው። የእነሱም የእናንተም መኪና ተከታትለው ጎማ ሊቀይሩ ገቡ። የግራ ጉልበት አየሁ። ተነሥቼ ቆምኩ። እናትሽም ካውያውን ይዛ መጣች፤ "እሷ ናት?" አለች፣ በጣቴ ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየኋት። ጎማው ወጣ፣ ጎማው ገባ፣ እጅሽ ተነሣ። መኪናችሁ ከሰማያዊዋ ቀድማ ስትወጣ እኔ የጮኽኩትን ጩኸት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰልኝ። እስከ መጨረሻው ማንም አልደረሰባትም። ፀጉር አስተካካዩ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ተሸነፍን እኮ!" አለኝ። "አውቃለሁ!" አልኩት፣ እየዘለልኩ። "አሸናፊዋ ልጄ ናት!" ኮፍያውን አንሥቶ ሳይሰናበት ወጣ። እስካሁን አኩርፎኛል፤ ፀጉሬ ጆሮዬ ላይ ደርሷል፣ ወደ ሌላ ፀጉር ቤት ደግሞ መሄድ አልችልም፣ ክህደት ይሆናል።

እናትሽ ሸሚዜን አቃጥላዋለች። የካውያው ቅርጽ ጀርባው ላይ ቀርቷል። ለብሼው እዞራለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ታሪኩን እነግረዋለሁ።

ኮራሁብሽ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ። ኮራሁብሽ ልጄ።

አባትሽ


ኅዳር 15

አባዬ፣

ዛሬ አንዲት ትንሽ ፖስታ ደረሰችኝ። ላይዋ ላይ ያለው የእማዬ እጅ ጽሕፈት ነው። ከፈትኳት። ጥጥ። ጥጡን ገለጥኩት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል አንዲት ጎማ ወጣች። ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ምንም የለ። አንዲት ጎማ ብቻ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ መብራት ስር አስጠግቼ አየኋት። ቸርኬዋ ጥቁር ነው። ዙሪያዋን ፀጉር የምታህል ቢጫ መስመር ዞራታለች። አባዬ፣ ይቺ የሰማያዊ መኪና ጎማ አይደለችም። ይቺ የእኛ ናት።

የቀረው የት ነው? ወድቃ ተሰብራ ይሆን? ከስብርባሪው የተረፈችው ይቺ ብቻ ሆና ነው እንዴ፣ መናገር አቅቷችሁ ነው? ወይስ እማዬ ስትጠርግ አግኝታ ነው የላከችልኝ? ኤግዚቢሽኑስ አልፏል፣ ስለ ዋንጫው አንድ ቃል አልጻፍክልኝም። እባክህ ቶሎ መልስልኝ። ጎማዋን ልብሴ ኪስ ውስጥ ይዣት ነው የምዞረው፣ በየደቂቃው እዳስሳታለሁ።

ፌንጣህ


ኅዳር 30

ለፌንጣዬ፣

ምንም አልተሰበረም። አይዞሽ። ደብዳቤ አብሬ ያልላኩት ውጤቱን ሳላውቅ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስለጠፋኝ ነው። እናትሽ አድራሻውን ጻፈች፣ እኔ ጥጡን ጠቀለልኩ፣ ወደ ኤግዚቢሽኑ ከመሄዴ በፊት ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሕጌን ነግሬሻለሁ፣ ያልጮኽኩላትን መኪና አልሠራም። በጥቅምቱ ውድድር ስለጮኽኩ የሠራኋት እንዳይመስልሽ። የጮኽኩት ግንቦት ላይ ነው። በዚያ በዝናቡ ቀን ጎማው ከእጅሽ ሲያመልጥ ሳላስበው ተነሥቼ "ያዢው ልጄ! ያዢው!" እያልኩ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄጄ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አልመጣም ነበር፣ እናትሽ ብቻ ናት ያየችኝ። ከመቀመጫዋ ሳትነሣ "ለቢጫዎቹ ጮኽክ እኮ" አለችኝ። ትክክል ነበረች። በማግሥቱ የሰማያዊዋን ገላ ሣጥን ውስጥ ከተትኳትና አዲስ ጀመርኩ። አንቺ "ተወው" ብለሽ ስትጽፊ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቢጫ ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር።

ታዲያ ስሠራት አንድ ነገር አስቸገረኝ። እኛ ማኅበር ውስጥ መኪና ሁሉ የሚቀርበው ውድድሩን ጨርሶ እንደገባ ነው፤ አራት ጎማው መሬት ላይ፣ ሹፌሩ መቀመጫው ላይ። እንዲያ አድርጌ ሳስባት አንቺ የትም የለሽም። መኪናዋ ስትሮጥ የሹፌሩ ናት። ያንቺ የምትሆነው ቆማ፣ በክሪክ ተነሥታ፣ ቀኝ የኋላ ጎማዋ ወጥቶ፣ አዲሱ ገና ሳይገባ ያለችዋ ትንፋሽ ላይ ነው። ስለዚህ እሷን ትንፋሽ ሠራኋት። ቀዩ ክሪክ አለ። ወለሉ ላይ የሣልሽው መስመር አለ። የፍሬኑ ሸክላ ዳሩ ወይን ጠጅ ነው፤ ለእሱ ቀለም ብቻ የከሰርኩትን ገንዘብ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሦስት ጎማ ሰካሁ። አራተኛውን ላኩልሽ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሰዓት ሠሪው፣ ያ ያንድ ዓይን መነጽሩን ከግንባሩ የማያወርደው፣ ጠረጴዛዬ ጋ ደርሶ ጎንበስ አለ። ቀና አላለም። ሌሎቹን ዳኞች ጠራ፤ እነሱም ጎንበስ አሉ። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። በመጨረሻ ወደ ጎን ወስዶኝ "እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ገብቶ አያውቅም" አለኝ። "ግን ደንቡ ደንብ ነው። አንድ ጎማ የጎደላት መኪና ያላለቀች መኪና ናት። ዋንጫው እስኪሰጥ ጊዜ አለህ። አራተኛውን ስካና ያንተ ነው።"

ማን መጣ መሰለሽ? ፀጉር አስተካካዩ! አኩርፎ ከርሞ፣ ያን ዕለት ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ይሰማል። "ከሰማያዊዎቹ ካንዷ ነቅዬ ላምጣ? መጠኑ አንድ ነው፣ ቢጫ መስመር ብቻ ታዞርበታለህ። ሮጬ ደርሼ እመለሳለሁ" አለኝ። ለእኔ ሲል የሰማያዊ ጎማ ሊነቅል! ከዚህ በላይ ጓደኝነት የለም።

እውነቴን ልንገርሽ፣ አንድ አፍታ አመነታሁ። ዋንጫው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እያብለጨለጨ። ስንት ዓመት ሁለተኛ የወጣ ሰው ነኝ። ከዚያ መኪናዋን አየኋት። ሌላ ጎማ ብሰካባት ውብ ቢጫ መኪና ትሆናለች፣ በቃ።

"ተወው፣ አትሂድ" አልኩት። ወደ ሊቀመንበሩ ዞሬም "አልጎደላትም። ጎማው ልጄ እጅ ላይ ነው" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አልቀለድኩም። ከዚያ ግን ፀጉር አስተካካዩ ጮክ ብሎ፣ ወረፋ ላይ ለሚጠብቅ ሰው እንደሚያወራ፣ ልጄ ማን እንደሆነች፣ በጥቅምት ምን እንዳደረገች፣ ሰማያዊዎቹን እንዴት እንዳስለቀሰች ለአዳራሹ ሁሉ ይተርክ ጀመር። ሰው ተሰበሰበ። "የትኛዋ ናት? የትኛው ጎማ ነው የእሷ?" ይላሉ። እኔ ባዶውን ቦታ በወረንጦ አሳያቸዋለሁ። እስኪዘጋ ድረስ ሳሳይ ዋልኩ።

ዋንጫውን አንዲት የጀልባ ሞዴል ወሰደችው። ጥሩ ጀልባ ናት፣ አልቀናሁም። ሁለተኛም አልወጣሁም፣ ምንም አልወጣሁም። ቤት ስገባ እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነገርኳት። "ጎበዝ" አለችኝ።

መኪናዋ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ናት፣ በክሪኳ እንደቆመች። ስትመጪ ጎማውን ይዘሽ ነይ። እኔ አልሰካውም። ቦታው ያንቺ ነው።

አባትሽ